ያለ ረዳት

እሁድ ነው ማለዳ፣ ካፊያ ያካፋል፤
ሊዬዥ፣ ዳገቱ ላይ፣ ሰው ገና ተኝቷል።
የኔ አሮጌ ኦፔል፣ በክሪክ ተነሥታ፣
የቀኝ ኋላ ጎማዋን ከጎኗ አስተኝታ፣
ትጠብቀኛለች።

ፔዳሏ ከሐሙስ ጀምሮ ስፖንጅ ሆኗል፤
ሲሻው ይመልሳል፣ ሲሻው ወለል ድረስ ይሰምጣል።
ዳገት ለሚኖር ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም፤
ከደጄ እስከ ወንዙ ሜዳ የሚባል የለም።

የዐሥር ቁልፍ አለ።
ለቤት ዓሣ ገንዳ የሚሸጥ ቀጭን ቱቦ አለ፣ ውስጡ የሚያሳይ፤
የማዕድን ውሃ ጠርሙስ፣ ክዳኑ የተበሳ፣
አዲስ የፍሬን ዘይት፣ ማኅተሙ ያልተነሣ።
ሁሉም አለ። የሌለው
መሪው ጋ ተቀምጦ
"ርገጥ" ስለው የሚረግጥ ሰው ነው።

ድሮ ያ ሰው እኔ ነበርኩ፤
የጭነት መኪና ረዳት፣ የዐሥራ ስድስት ዓመት ጩጬ፣
ከሚሌ ወዲህ፣ መንገድ ዳር፣ የሾፌር ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጬ።
ጋሽ ዘርጋው ከሥር ተጋድሞ፣ ድምፁ ከመሬት የሚወጣ ይመስል፦
"ርገጥ! ርገጥ! ያዝ!... ያዝ አልኩህ!
ሳልልህ ከለቀቅህ አየሩ ይመለሳል፣ ልፋታችን ገደል!"
ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ያዝኩ።
ሰው ነበር ከሥር ያለው።

ኋላ ልጄ ኢዩኤል ነበር፤
በስምንት ዓመቱ፣ ትራስ ከጀርባው፣
ሁለት እግሩን ባንድ ፔዳል ላይ ደርቦ።
አሁን ናሙር ነው፣ ለፈተና ያጠናል።
ደወልኩለት። "ፓፓ፣ መካኒክ አለ እኮ" አለኝ።
አለ።
መቶ ሃያ ዩሮው ነው የሌለኝ።

ስለዚህ ብቻዬን።
ቱቦውን በማስተንፈሻው ብሎን ጡት ላይ ሰካሁ፣
ጫፉን ጠርሙሱ ግርጌ ካለ ዘይት ውስጥ ነከርኩ።
ዘዴው ይኸው ነው፦ አየር ይወጣል፣
ፔዳሉ ሲነሣ ግን የሚስበው ዘይት እንጂ አየር አያገኝም።
ሩብ ዙር አላልቼ፣ ወገቤን ይዤ ዞሬ፣
ገባሁ። ቀስ ብዬ ረገጥኩ። ቀስ ብዬ ለቀቅሁ።
ሰባት ጊዜ።
ወጥቼ አጎንብሼ ሳይ
አረፋ፣ በቱቦው ውስጥ እንደ ጉንዳን ተሰልፎ፣
ከኋላው ዘይቱ፣ ያደረ ሻይ መስሎ ጠቁሮ።

ልማድ ሆኖብኝ ባዶውን ወንበር "ያዝ!" ብዬ ጮህኩበት።
ከአጥሩ ማዶ የመዳም ዦስሊን ውሻ ቁጭ አለ፣
ፈረንሳይኛ የለመደ ጆሮው ቀጥ እንዳለ።

ሦስተኛው ጎማ ላይ ነው ጉዴ።
የጋሽ ዘርጋውን ጣቶች ሳስብ፣
ግራሶ ጥፍሩ ሥር እንዴት እንደሚያድር፣
የላይኛውን የዘይት ዕቃ መሙላት ረሳሁ።
ደረቀ።
ከታች የማስወጣውን አየር
ከላይ ራሴ ሳጠጣው ነበር።
ባማርኛ ተሳደብኩ፤
መስኮት ሲከፈት ሰምቼ በፈረንሳይኛ ይቅርታ ጠየቅሁ።
የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ፤
ይሄኛው ሲፈስ አይለቀምም፣ የመኪና ቀለም ነው የሚልጠው።
ሞላሁ። ጨርቅ ዘረጋሁ።
እንደገና፣ ከቀኝ ኋላ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፔዳሉ እግሬን ገፋው፤
ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ድንጋይ ሆኖ ቆመ።
ጎማዎቹን አሰርኩ። ግቢው ውስጥ ሦስቴ ሞከርኩ፣
ከዚያ ቁልቁል፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ካፊያው እንደቀጠለ፣
ድልድዩ ጋ ያለው መብራት ቀይ እስኪሆንብኝ።
ረገጥኩ።
ያዝኩ።
ልቀቅ የሚለኝ አልነበረም፤
አረንጓዴው እስኪበራ ያዝኩ።

አሮጌው ዘይት ጠርሙሱ ውስጥ ነው፤
ማስወገጃው ጣቢያ እሁድ ዝግ ነው ለካ።
በር ላይ ቆሜ አነበብኩ፣ ተመለስኩ።
እንዳይደፋብኝ ብዬ
ከጎኔ፣ ረዳት በሚቀመጥበት ወንበር አስቀምጬ
ቀበቶ አሰርኩለት።