የጎደለ ቀን

በዌልስ ተራራ ሥር፣ ዝናብ ጎረቤት በሆነበት አገር፣
ከጸሎት ቤቱ ጓሮ፣ ከሦስተኛው ረድፍ ዳር፣
አንድ ጥቁር ድንጋይ ቆሟል፣ ከሣር ጋር ሲከራከር።
ያው ነው ድንጋዩ፣ መንደሩ ፈልጦ የሚያድርበት፣
ሲሰነጠቅ የሰው ጣራ፣ ሲለሰልስ የልጅ ሰሌዳ የሚሆንለት፤
ሽበቱን በጥርስ ብሩሽ ፍቄ ባነሣለት፣
«ኢቮር ፕራይስ፣ ድንጋይ ፈላጭ፣
ከ1881 እስከ 1934» አለኝ፤ ይኸው የሱ ድርሻ።
ከሥሩም «ሚስቱ ሜረሪድ፣ ከ1886 እስከ»፤
እስከ የሚል ቃል፣ የሌለው መድረሻ።

«ምነው ይቺን ሴት» አልኩ፣ «ቀን ጎደለባት?
ልጅ የላት፣ ወገን የላት፣ አንዲት ቀን የሚቀርጽላት?»

እኔ ጡረታ የወጣሁ ፖስተኛ ነኝ፤ አርባ ዓመት ደብዳቤ ያደረስኩ፤
አድራሻው የጠፋ ነገር ካየሁ እንቅልፍ አጣለሁ። ጀመርኩ።

የጋብቻው መዝገብ ላይ እሷ ስሟን ጽፋለች፣ ፊደሉ ቀጥ ያለ፤
እሱ መስቀል አኑሯል፣ ቀለሙ ወደ ጎን የኮበለለ።
ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ ከማኅበሩ መዋጮ ዝርዝር፣
ኢቮር ፕራይስ በገዛ እጁ ፈርሟል፣ ሳይደናገር፤
አጣጣሉ ቁርጥ የሷን።
ማን እንዳስተማረው መዝገብ አይነግርም፤
እኔ ግን ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ፣
ኩራዙን፣ ጠረጴዛውን፣ በእጁ ላይ የተጫነ እጇን።

የባለሱቁ ደብተር፤ ሻይ፣ ሻማ፣ የጫማ ምስማር፣ በዱቤ።
በሰኔ፣ ለሕፃን ቆብ ነጭ ጥብጣብ፣ በዱቤ።
በጥቅምት፣ «ጥብጣብ ተመለሰ። ዕዳው ተሰርዟል።»
ምክንያት አልጻፈም ባለሱቁ። ከዚያ ቀጥሎ ጨው ይላል።

የሐኪም ቤቱ ወረቀት፤ ከግራ እጁ ሁለት ጣት፤
ኋላም ሳል፣ ሳል፣ ሳል፣ እስከ ዕለተ ሞት።
ሠላሳ ስድስት ዓመት ካባ ውሎ ካባ ሳይደርብ፣
አቧራ ለብሶ ቀረ፣ ከውስጥ፣ ድርብርብ።

መቃብር ቆፋሪው ሆዌል፣ ሰማንያን ያለፈ፣
ስጠይቀው ሳቀ፣ ባርኔጣውን ገፈፈ፤
«እዚሁ ናት፣ ከሥሩ። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣
ለአባቴ ፋኖስ ይዤ ቆሜ፣ በብርድ እየተንዘፈዘፍኩ።
ድንጋዩን ኢቮር ራሱ ነው የቀረጸው፣ ካባ መውጣት ሲያቅተው፣
ከማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ስሙን፣ ስሟን፣ ልደታቸውን፤
ሞቱን ግን እንዴት ይወቀው?
እሱን እሷ ጨረሰችለት። አራቷን ቁጥር አላየሃትም?»

አይቻታለሁ። ዘማለች። የተማሪ እጅ ናት፤ ግን አልሰነፈችም።

ፊደል ሰጥታው ነበር፤ መሮ ሰጣት።
«የሷንስ?» አልኩት፣ «የሷን ቀን ማን ዘነጋባት?»
«መሮውን እኮ» አለኝ፣ «አብረን ቀበርንላት።»
ከዚህ በላይ አልተናገረም። ወይ ረስቷል፣
ወይ ያን ሌሊት ከፋኖሱ ሌላ ነገር አላየም።

ቀኗን አግኝቼዋለሁ፣ ከከተማው መዝገብ፤ ማክሰኞ ነው።
የቀራጩንም ዋጋ ጠይቄያለሁ፤ በፊደል ነው የሚቆጥረው።
ከደጁ ደርሼ ተመለስኩ።
አርባ ዓመት ሙሉ አንድም ደብዳቤ በኪሴ አላሳደርኩ፤
ይቺን ግን፣ ይኸው ስድስት ወር፣
አጥፌ ያዝኳት። አላደረስኩ።