ቦቾርኖ

ነሐሴ ሲጋመስ፣ በኤብሮ ወንዝ ዳር፣
ነፋስ አይሉት ነፋስ፣ ቅጠል የማይደፍር፣
ከባሕር ተነሥቶ ሽቅብ ሲሳብ ውሎ
ካስፔ ላይ ሲደርስ ይዘረራል ዝሎ፤
እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ጣሪያውን ሸፍኖ፣
መንገዱን፣ ገበያውን፣ እስትንፋስን አፍኖ።
የሀገሩ ሰዎች የሚሉት፣ ቦቾርኖ።

ወበቅ ብዬ ፈታሁት። ልክ ነው፣ ይኼ ሰሙ፤
ወርቁ ግን ሌላ ነው፤ ጉንጭ ላይ ነው ቀለሙ።
ሰው ፊት ሲዋረዱ፣ ስም ሲነሣ በክፉ፣
“መሬት ዋጪኝ” እያሉ አቀርቅረው ሲያልፉ፣
ያም ቦቾርኖ ነው። ሙቀቱ ከውስጥ ነው፤
መስኮት የለውም፣ ማራገቢያ አይነካው።

ኢላሪዮ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣
ዘይት ሊገዛ ሄደ ከኦሮሲያ ደጅ።
“አባቴ ቅዳሜ ይከፍላል” አለ፣ ቀስ ብሎ።
ሱቁ ሙሉ ነበር።
ደብተሯን ገለጠች፣ መነጽሯን ሰክታ፤
አንድ በአንድ፣ በጣቷ፣ ድምፅዋን አንሥታ፦
“ስኳር፣ ግማሽ ኪሎ። ሳሙና። ምስር። ሻማ።
የሰኔው ገና ነው፤ የሐምሌውንማ...”
ከሰልፉ ኋላ አንዲት፣ ማራገቢያ የያዘች፣
“ውይ፣ ምን ዓይነት ቦቾርኖ!” ብላ ተነፈሰች።
ስለ አየሩ ይሁን፣ ስለ ልጁ ጉንጮች፣
ምናልባት ራሷም ለይታ አላወቀች።

ባዶ ጠርሙሱን አቅፎ ተመለሰ።
ላብ ይሁን እንባ ከአንገቱ የፈሰሰ
አባቱ አልጠየቀም። ምስራቸውን በሉ፣
ዘይት ሳይኖርበት።

አርባ አንድ ነሐሴ እንደ ዋዛ አለፈ፤
ልጁ ፋርማሲ ከፍቶ፣ ፀጉሩ ነጣ፣ ገዘፈ።
አንድ ቀን፣ በጠራራ፣ በሩን በከዘራ
ገፍታ ገባች ኦሮሲያ፣ ጉልበቷ እየፈራ።
ሳንቲሟን ቆጠረች፤ ደግማም፤ ጎደለባት፤
ከኋላዋ ሰልፉ አንገት አሰገገባት።
ቅላት ከአንገቷ ሥር ሽቅብ መውጣት ጀመረ፤
ያን መንገድ ያውቀዋል፤ በሱም ላይ ነበረ።
እሱም ደብተር አለው፤ መሳቢያው ቅርብ ነው።
እጁ እስከዚያ ሄደ። ምን እንደመለሰው
አልነገረኝም።

ቬንትሌተሩን ወደሷ አዞረና፣
“ምን ያለ ቦቾርኖ! አልነፈሰም ገና፤
ሰውን ሁሉ አቀላ። ይቀመጡ ጥቂት፣
ውኃ ላምጣልዎት።”
መድኃኒቱን ሰጣት፣ በወረቀት ጠቅልሎ፣
ሳንቲሙን ሳይቆጥር መሳቢያ ውስጥ ጥሎ።
ሰልፉም፣ “አዬ ሙቀት!” አለ፣ ላቡን ጠርጎ፤
ሰማዩን ወቀሰ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አርጎ።

“ሰም ሲቀልጥ ነው ወርቅ” ሲሉኝ የኖሩትን
የኔታን አስታወስኩ። ግን ይኼ ሰው፣ ያን ቀን፣
በዚያ ሁሉ ሐሩር ሰም እንዳይቀልጥባት፣
ሰሙን ለሷ ሰጣት፤ ወርቁን ሸሸገላት።