ታኮ

ሐምሌ ነው፤ ማለዳ፤ ቸርችል ጎዳና ላይ
ዝናቡ ይወርዳል ከፒያሳ ሰማይ።
አስፋልቱ ታጥቦ፣ መስታወት መስሎ፣
የትራፊክ መብራት ይዟል አንጠልጥሎ።

አሥራ ሁለት ሊጭን የተፈቀደለት
አሥራ ስድስት ይዞ ሲወጣ ያን ዳገት፣
ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ማዘጋጃ ቤት፣
አንድ ጊዜ አሳለ፣ ሁለቴ አቃሰተ፣
ከዚያ ሞተ።

የመጀመሪያው ሕግ ይላል፦ የቆመ ይቆማል፣
የሚሄድም ቀጥ ብሎ እንደሄደ ይኖራል፣
ከውጭ የሚገፋው እስኪመጣ ድረስ።
የሚገፋ ደግሞ ምን ይጠፋል በአዲስ
አበባ! ቁልቁለቱ ራሱ ገፋን።
ፍሬኑ ሲንሰቀሰቅ ወደ ኋላ ሸርተት አልን።
አንዷ ማርያምን ስትጠራ፣ አንዱ አላህን፣
እኔ በሆዴ ጠራሁ የዳገቱን ሳይን።

ልማድ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ሰሌዳ ላይ
ክብደትን ለሁለት ሰንጥቄ ሳሳይ፣
አንዱን ቁልቁል ስሰድ፣ አንዱን ወደ ዳገቱ ደረት፣
ሳጥን እንጂ ሰው ጭኜ አላውቅም በእውነት።
ጥያቄዬም ሁሌ አጀማመሩ አንድ ነው፦
«ሰበቃ የለም እንበል።» ቀላል ነው። ንጹሕ ነው።

ረዳቱ ከወንበር ሥር ድንጋይ መዘዘና
እንደ ሕፃን አቅፎ ዘለለ፣ ገና
ታክሲው ሳይቆም።
ከኋላ ጎማው ሥር ወተፈ ድንጋዩን።
ጎማው ድንጋዩን ገፋው፣ ድንጋዩ ጎማውን፣
እኩል በእኩል፣ ሦስተኛው ሕግ እንደሚለው፣
አንዱ ሌላውን ሳይበልጠው፣ ሳያንሰው።
ከሥር ድንጋይና አስፋልት ጥርስ ለጥርስ ተናከሱ፤
ቆምን። አሥራ ስድስት ልቦች ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

«ወንዶች ውረዱና ግፉ!» ይላል ሹፌሩ።
እኔም ወረድኩ፤ ጾታ የለውም ቀመሩ።
ሰው ሲወርድ ታክሲው ቀለለ፤
በሁለተኛው ሕግ ያው ጉልበት፣ ሸክሙ ከጎደለ፣
ያጣድፋል።

መዳፌን ከታክሲው ጀርባ ላይ ሳሳርፍ
«ቲቸር ጥሩወርቅ!» አለኝ፣ ዝናብ ከቅንድቡ ሲረግፍ።

ሙደሲር ነው። አሥራ አንድ ቢ፣ የኋላ ወንበር፣
መስኮቱ አጠገብ፣ መልስ የሚሰጥ ባጭር።
አስታወስኩ። የአጋማሽ ፈተና፣ ጥያቄ አራት፦
«አንድ ሳጥን ቁልቁለት ላይ ሳይንሸራተት
ቆሟል። ምን ያዘው?» ሁሉም ከደብተሩ ቀድቶ ጻፈ።
የሱ ወረቀት ላይ አንድ ቃል ነው ያረፈ፦
ታኮ።
በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርጌበት፣
ዳር ላይ «ቀልድ አይደለም!» ብዬ ጽፌበት፣
ከአሥር ዜሮ።
ያ ቃል ይኸው፣ ርጥብ፣ የራስ ቅል አክሎ፣
ታክሲውን ይዞታል ዝም ብሎ።

«ወደ ቁልቁል እናዙረው! በሦስት!» ገፋን። ጫማዬ ከዳኝ፤
ሶሉ ተልጓል፣ አስፋልቱ ሊይዘኝ
አልቻለም። በጉልበቴ ወደቅኩ።
እዚያ ነው፣ ተንበርክኬ፣ ያወቅኩ፦
ለመግፋት መጀመሪያ የሚይዝሽ ያስፈልጋል።
እግር መሬትን ወደ ኋላ ይገፋል፣
መሬትም እግርን ወደ ፊት። ሰው እንዲህ ይሄዳል።
«ሰበቃ የለም» ባልኩበት ንጹሕ ዓለም
ታክሲ አይነሳም፣ ታክሲ አይቆምም፣
እጅም እጅን አይዝም።

ሙደሲር እጁን ዘረጋ። ሸካራ ነው፣ ሳንቲም ሳንቲም ይሸታል፤
ሲይዝ ግን ይይዛል።

ታክሲው ቁልቁል ተንደርድሮ፣ አደባባዩ ጋ ነቃ፣
ዞሮ መጣ እየጮኸ፣ ጭሱን እየረጨ በጡሩምባ ጩኸት ሲቃ።
ገባን። ድንጋዩን ከእግሬ አጠገብ፣ ከወንበር ሥር አስተኛው፤
ውሃ ያንጠባጥባል፤ ቀሚሴን ነካው።

«ሒሳብ» ሲል ከኋላ እየመጣ
ከአፌ ሳላስበው ወጣ፦
«ከአሥር አሥር ነበር፣ ሙደሲር።»
ፈገግ አለ፣ ብሮቹን በጣቶቹ መሃል ሲደረድር።
«አሥር ድሮ ነው ቲቸር፤ አሁን ሃያ ገብቷል» አለኝ።
ሃያ ሰጠሁት።