የመኪና ዘይት

በዚህ ደሴት አንድ ጎማ እንኳ አይሽከረከርም፤
ከኡፔርናቪክ ግማሽ ቀን በጀልባ፣
ባሕሩ ሲረጋ በውሻ የሚገባ።
መኪና ካላችሁ፣ እኔ ቤት ነው ያለው፤
መስኮት ሥር ተቀምጦ፣ በእግር የሚዘወረው፣
የአቆስጣ ቁርበት ለጫማ የሚሰፋው።

ዘይቱ በትንሽ ጠርሙስ፣ አውራ ጣት በምታክል፣
ውሃ የመሰለ፣ ብርድ የማይበግረው፣
ለመርፌዬ ሲሳይ በጠብታ የምሰፍረው።

መስከረም ሲገባ ወንዶቹ ደጃፍ ላይ
ጠመንጃ ፈታትተው ጨርቅ ላይ ይዘረጋሉ፣
«የቱ ዘይት ይሻላል?» ሙግት ይጀምራሉ።
(በዚህ ነገር ተሸነፍኩ ያለ ሰው አላየሁም።)

ወንድሜ ማግኑስ በጀልባው ሞተር ዘይት ይምላል።
«ሞተር ያገላበጠ መርፌ ያቅተዋል?» ይላል።
ሐምሌ ላይ ልክ ነው።
ጥር ላይ ዘይቱ ማር፣ መርፌው ማር የያዘው ንብ፤
ምላጩ ይሳባል፣
ውስጥ አንድ ነገር «ጭ» ይላል፣ ያውም ዘግይቶ፣
አቆስጣው ቀና ብሎ ያየዋል፣ ይጠልቃል፣
ማግኑስ ነፋሱን ይረግማል።

ሽማግሌው ኢሚና የአቆስጣ ስብ ይቀባል፤
አባቱም ቀብቶ፣ አያቱም ቀብቶ።
ስቡ ብርድ አይፈራም፣ አልዋሽም፤
ግን ከርሞ ሙጫ ይሆናል፣
ደግሞም ሌሊት ውሾቹ ተነሥተው
ጠመንጃውን እስከ ሰደፉ ይልሱታል።

የአዋላጇ ልጅ «ቫዝሊን» ይላል፣
እናቱ ለአራስ ልጅ የምትቀባውን፤
አፈሙዙን ከዝገት ያድናል፣ በብርድ ግን ሻማ ነው።
ናቫራና ሁሉንም ትንቃለች፤ ከወንዶቹ ይልቅ አድናለች፦
«እጠቡት፣ ጥረጉት፣ ምንም አትቀቡት፤
እጃችሁን ካሳከካችሁ የእርሳስ ዱቄት ነስንሱበት።»

መምህሩ ራስሙስ፣ ከዴንማርክ የመጣው፣ ምስኪን፣
ዓሣ የሚጠብስበትን ዘይት አንጠባጠበበት።
ለፋሲካ ጠመንጃው፣ እንደ ከረመ የማርማላታ ክዳን፣
ለሦስት ወንድ አልከፈት አለ።
በላምባ አጠብንለት፣ ፈተግነው፣
በጥርስ ብሩሽ። ብሩሹ የኔ ነበር።

ባሌ ኡሳርካክ ግን ዝም ይላል፣ ፈገግ ይላል።
እሱ ከሱቅ ነው የሚገዛው፣ ሰማያዊ ቆርቆሮ፣
«ከዜሮ በታች ሃምሳ» ተብሎ የተጻፈበት፣
ዋጋው የወር ስኳር ከነሻዩ።
ቆርቆሮው መደርደሪያ ላይ፣ እንግዳ በሚያይበት ይቆማል።

የኔ ጠርሙስ ግን ትጎድላለች።
መርፌዬ እንዲህ አትጠጣም፤ አይጥም ዘይት ሰርቃ ክዳን አትመልስም።
በእርሳስ ጭረት አኖርኩ፤ ዝም አልኩ።

ታኅሣሥ ነበር፣ ቀትርም ሌሊት የሚሆንበት፤
ነቅቼ አየሁት፣ መኪናዬ ፊት አጎንብሶ፣
የወፍ ላባ ጫፍ ከጠርሙሴ አጥቅሶ።
«ቆርቆሮህስ?» አልኩት።
«ባዶ ነው» አለ። «ከካቻምና ጀምሮ ባዶ ነው።
መርፌ ከመርፌ ቢበደር ምን አለበት?»

ልቆጣ አሰብኩ፤ ሳቄ ቀደመኝ።
ከዚያ ወዲህ መርከብ በመጣ ቁጥር ሁለት ጠርሙስ አዘዝኩ፣
ለማንም አልነገርኩ፣
የሰማያዊውን ቆርቆሮ አቧራ ግን በየቅዳሜው ጠረግኩ።

አሁን ዐይኑን ሞራ ጋርዶታል፤ ሁለት ዓመት በረዶው ላይ አልወጣም።
ጠመንጃው በብርዱ መተላለፊያ ተሰቅሏል፤
(ሙቀት ቤት ከገባ ያልበዋል፣ ያላበው ብረት ይዝጋል፤
ይህን እሱ ነው ያስተማረኝ።)
ጠርሙሷም ከጭረቷ ፈቀቅ አላለችም።
የማትጎድል ጠርሙስ እንዲህ ታስጠላለች?

ትናንት ላባዋን አነሣሁ፣
መቀርቀሪያውን እንደሱ ሳብኩ፣ በጨርቅ ወለወልኩ፣
አንዲት ጠብታ አኖርኩ።
ከዚያ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አንድ ደገምኩ።
መቀርቀሪያው ሄዶ ሲመለስ
አልጋው ላይ እንዳለ፣ በግድግዳው አሻግሮ ሰማ።
«አበዛሽው» አለኝ።