በቀለበቱ ሆድ

ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ አንትወርፕ ሲዘንብባት፣
ሊስቤት ይዛ መጣች ሚንቼ አያቷ ያወረሰቻት
አንድ ቀለበት።

ፊሸል ማጉያውን ባንድ ዓይኑ ቆንጥጦ፣
ድንጋዩን በመብራት ሥር አገላብጦ፣
«ንጹሕ ነው» አለ፤ «ጠብታ ውሃ፤ እንከን የለው፤
ከኪምበርሊ ጉድጓድ የወጣ፣ የጥንት ሰው በእጁ የሞረደው።
ግን አልማዝ መስክር ቢሉት ምን ያውቃል?
መቶ ዓመት ጣት ላይ ውሎ ዛሬም እንደ እንግዳ ያያል።»

ከዚያ ገለበጠው። በቀለበቱ ሆድ
በመርፌ የተጫረ፣ እንደ ጉንዳን መንገድ፣
ሦስት የመያዣ ቤት ቁጥር።

«ይሄ የከሰል ነው» አለች፤ «ያባቴ ሳንባ ይሄኛው፤
ሦስተኛውን አልነገረችኝም። ብቻ
የሰው ልብስ አጥባ ሦስቴም አስመለሰችው።»

«ላለስልሰው?» አለ፤ «ጭረት ዋጋ ይቀንሳል።»
ዝናቡ የሱቁን መስኮት ይደበድባል።
«ድንጋዩን ንቀለው፣ ሽጠው፤ ለቤት ኪራይ ይበቃል።
ወርቁን መልስልኝ።»

በትራም ስትመለስ፣ አራቱ የወርቅ ጥፍር
የሚይዘው ቢያጣ
ያዘ የጓንቷን ክር።