ስድስት ሰከንድ ጨለማ

ጣሰው ከኋላዬ ቆሞ፣ ላቡ ትከሻዬ ላይ ይንጠባጠባል፤
«ባጃጁ ሲገለበጥ ይግባ፣ ብር ወጥቶበታል» ይላል።
«ድልድዩ ላይ ያለው ቡጢ፣ ጣቢያው ውስጥ ያለው ተኩስ፣
ያቺም ልጅ ከባቡሩ ስትዘል፣ ቀሚሷን ነፋስ ሲያምስ፣
መጨረሻውም ይግባ!»
«መጨረሻው?»
«አዎ! ቅመሙ እኮ እሱ ነው።»
«ሁለት ደቂቃ ሁሉን ካሳየሁት፣ ሰው ትኬት የሚቆርጠው ለምኑ ነው?»

ከዚራ፣ የቀኑ ሙቀት ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ያድራል፤
ቬንትሌተሩ እንደ ጫነ ግመል እያቃሰተ ይዞራል፤
እኔ ቆርጬ እጥላለሁ፣ እሱ ከቅርጫት ያነሳል።

ተቆጥቶ በሩን ዘግቶ ሲወጣ፣ ረምዚ ትዝ አለኝ ድንገት፤
ልጅ ሳለን፣ ከቀፊራ ጀርባ፣ ከሽኩሪያ ቪዲዮ ቤት፣
ከማዳበሪያው መጋረጃ ፊት፣ ሚሪንዳ ሣጥን ላይ የሚቆመው፣
ትሬለር የሚል ቃል ሳይሰማ፣ ትሬለር እሱ የነበረው።
አፉን ከዘይት ጣሳ ከቶ፦

«አክተሩ ብቻውን ነው፤ እነሱ አርባ፤
ጥይቱ አለቀ፤ በሩ ተዘጋ፤ አንዱ በጓሮ ገባ፤
ቢላውን አነሳ፤ አክተሩም ዞር ብሎ ሲያይ…»

ዝም።

ዝም ብሎ ሎሚ መምጠጥ! ያውም ፊቱ ሳይጨማደድ፤
እኛ በዚያ ሐሩር ቆመን፣ ባንዱ እግር በሌላው ስንረግድ።
«እሺ፣ ከዚያስ?»
«ከዚያማ ሃምሳ ሳንቲም።»
አክተሩ እንደማይሞትማ እናውቃለን፤ አክተር አይሞትም።
የማናውቀው አተራረፉን ነው፣ ከዚያ ቢላ እንዴት እንደሚያመልጥ፤
ለዚያች ነበር ሳንቲማችን ከመዳፋችን የምታመልጥ።

አንድ ቀን ግን ሞቅ ብሎት፣ መጨረሻውን ተረከው፤
ሽኩሪያ ባዶ ወንበር ቆጥራ፣ ማታ እራቱን ነሳችው።
«ሽንኩርት የሚሸጥ ልጦ አይሸጥም» አለችው በነጋታው ማታ፤
«ሽታውን ብቻ ስጣቸው፤ እንባውን ገብተው ያግኙታ!»

ከዚያ ያ ክረምት መጣ። ድሬ ላይ ጠብ ያለ የለም፤
ሰማዩ ኮከብ በኮከብ፣ የደቻቱ አሸዋ ደረቅ፣ ሰላም።
ከላይ፣ ከተራራው ወዲያ፣ የሆነ ነገር ያጉረመርማል፤
መጀመሪያ ውሻው ዝም አለ፤ ቀጥሎ ድንጋይ ከድንጋይ ይማታል።
ረምዚ ጣሳውን ይዞ ወጣ፣ «መጣ! መጣ!» እያለ፤
«ዛሬስ አክተሩ ማነው?» አልኩት እኔ፤
ለሙቀት ደጅ የተኛው ሰፈር በሳቅ ተንከባለለ።

ያን ሌሊት ብቻ፣ ዝም አላለም። መጨረሻውን ተናገረ፦
«ውሃ ነው! ውሃ ነው! ውሃ ነው!»
ያመነው ተነሣ። ያላመነው ቀረ።
እኔን አባቴ ባንድ እጄ ጎተተኝ፤ ሳቄን ገና አልጨረስኩም ነበር።

ጎርፉ ሣጥኑን ወሰደው፣ መጋረጃውን፣ የቪዲዮ ቤቱን በር፤
ሽኩሪያን።

ትናንት ሳቢያን ሄድኩ፣ ላፕቶፔን በብብቴ ይዤ፤
ካላማዳሪ ሳፋ ውስጥ ነክሮ አረፋ ሲጠብቅ፣ ቆየሁት ከጎኑ ተክዤ።
(ጎማ ይጠግናል አሁን። ጣሳ አፉ ላይ ደግኖ አያውቅም።)
«ድምፅህን አውሰኝ» አልኩት። «ምን ልበል?» አለ። «እኔም አላውቅም።»
አሳየሁት። ፊቱ ሎሚ እንደሚመጥበት ጊዜ ያው ነው፤
ባጃጁ ሲገለበጥ፣ እርጥብ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈው።
«እዚህ ጋ ይተነፍሳል።
እዚህም። እዚህም። ድፈነው።»
«በምን?»
ወደ ደቻቱ ዞሮ አየ። ከንፈሩ ሊከፈት አለ፤ ተወው።

ሌሊቱን ሁሉን ቆረጥኩት። ስድስት ሰከንድ ጥቁር አኖርኩ፤
ከሩቅ ጠጠር ሲንከባለል፣ ውሻ ጩኸቱን ሲያቋርጥ፤ ሌላ ምንም አልጨመርኩ።

ጣሰው በጠዋት መጥቶ አየ፤ ጨለማው ጋ ሲደርስ ደነገጠ፤
«መብራት ጠፋ እንዴ?» አለና፣
ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ፣ ላቡን ሳይጠርግ፣
ትንፋሹን ዋጠ።