ሁለት ዛፍ ብቻ

ኢንዱማቲ፣ ማሰሮሽ ይኸው ወጣ ካናቴ ላይ፣
በሶብላሽም አልጠወለገች፤ ቅጠሏ ሽቅብ ወደ ሰማይ።
ሴቶቹ ሳቁብኝ አላንዲ፣ ገና ስንነሣ ከወንዙ ዳር፣
"ወንድ ልጅ የበሶብላ ማሰሮ! ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ነገር?"
እውነት አላቸው። አንገቴ የሚያውቀው ወሬውን ነው የቀንበር፣
እሱም የበሬዎቼ እንጂ የእኔ ጭነት አልነበር።

አሥራ አንድ ክረምት ሄደሻል፤ አንዴም ከደጅ አልሸኘሁሽ፣
"ማሳውን ማን ሊዘራው ነው?" እያልኩ ነው ያሳቀቅሁሽ።
ዘንድሮ ማሳው ጦም አደረ፣ የጉድጓዱም ውኃ ነጠፈ፣
አመድሽን ወንዝ ወሰደው፤ የእኔም እግር ደጁን አለፈ።

አራተኛው ቀን ነው። ዲቬ የሚሉት ዳገት።
ሠረገላ የሚስቡት በሬዎች ሲያቃስቱ ከደረት፣
ጸናጽሉ ሲያስተጋባ፣ ዝናቡ በጎን ሲወርድ፣
ጉልበቴ "በቃኝ" አለኝ፤ ቁጭ አልኩ ከመንገድ።
ሺህ እግር አለፈኝ።
"አይዞህ" ያለኝም ነበር፤ "አይዞህ" ግን ጉልበት አይሆንም፣
ዳገት ላይ የተቀመጠን ሰው ቃል ብቻውን አያነሣውም።

አንዲት አሮጊት ቆመች፤ ጥርሷ ሦስት፣ ሳሪዋ ጭቃ፣
አየችኝ ከላይ እስከ ታች፣ ገበያ እንደ ወጣ ዕቃ።
ከሳሪዋ ጫፍ ቀደደች፣ ጠምጥማ ማቶት ሠራች፣
አናቴ ላይ አስቀመጠች፣ ማሰሮሽን አመቻቸች።
"ባዶ ራስ ላይ ማሰሮ አያርፍም፤
ሚስትህ አልነገረችህም?"
"አልጠየቅኳትም።"
ዝም አለች። ዝምታዋም አልከፋም።

"ስንት ቀረን?" አልኩ ቆይቼ።
"ሁለት ዛፍ ብቻ" አለች።
"ያችን ዋርካ አየሃት? እሷ አንድ ተባለች።
ሁለተኛውን ዛፍ ደግሞ ከዋርካው ሥር ልንገርህ፣
ከዚህ ሆኜ አላየውም፤ ዓይኔም ደካማ ነው እንደ እግርህ።"

ሁለት ዛፍ፣ ደግሞ ሁለት ዛፍ፤ ከዳገቱ እስከ ሜዳ፣
ስንት ጫካ አቋረጥን በዚያ በሁለት ዛፍ ዕዳ!
ባይጃባይ ትባላለች፤ ባርሺ ነው አሉ ቀዬዋ፣
ሃያ ስምንተኛ ጉዞዋ፣ ሁለተኛ ጫማዋ።

እዚህ የሁሉም ስም አንድ ነው። "ማውሊ" ይባባላል ሰዉ፣
"እናቴ" ማለት ነው። ሪዛሙም፣ ፖሊሱም፣ ሻይ ሲቀዳ የሚያፈሰው።
አንድ የባንክ ጸሐፊ ጎንበስ ብሎ እግሬን ሲነካ፣
እኔም የእሱን ልነካ ስል፣ ግንባር ለግንባር ተማታን ለካ።
ሳቅን። ባለፈው ዓመት የዕዳ ደብዳቤ የሰደደልኝ
እንዲህ ያለ ሰው ነበር፤ ያኔ "እናቴ" አላለኝ።

የነጠላ ጫማዬ ጠፍር ፋልታን ስንደርስ ተበጠሰ፣
ዶንዲባ የሚባል ጫማ ሰፊ ከእጄ ነጥቆ ዳሰሰ።
ሰፍቶ ሲጨርስ ሳንቲም ፈለግሁ፤ እጄን ያዘኝ ከኪሴ ላይ፦
"እኔ ሥራ ትቼ አልሄድም፤ አምስት አፍ አለ እኔን የሚያይ።
እዚህ ጋ አንዷ ስፌት የእኔ ናት፤
እሷ ትሂድልኝ በቃ፣ እሷ ትድረስ በእኔ ፈንታ።"
ከዚያ ወዲህ በቀኝ እግሬ ስረግጥ ቀስ እላለሁ ላንድ አፍታ።

ፓንዳርፑር ስንቃረብ፣ ሰልፉ ሁለት ቀን ይፈጃል አሉ፣
ጉልላቱ ብቻ ታየን፣ ከዝናቡ በላይ፣ ከሁሉ።
ባይጃባይ እጆቿን አጋጠመች፣ አየች፣ ፊቷን አዞረች፣
"ሃያ ስምንት ጊዜ መጥቻለሁ፣ ውስጥ ገብቼ አላውቅም" አለች።
"ጉልላቱን ካየሁ አየኝ። አሁን ዘር አለብኝ ከቤት።"

አንቺስ ገብተሽ ነበር ወይ? ይኸው ይህንንም አላውቅ።
በዚያ ዳገት ማን ቆመልሽ? ማንስ ቀደደልሽ ጨርቅ?
ማታ ማታ ስትመለሺ እግርሽ አብጦ፣ ፊትሽ በርቶ፣
"እራት የታለ?" ነበር ያልኩሽ፤ ሌላ ጥያቄ ጠፍቶ።

አውቶቡሱ ተነሣ። መስኮቱ ጉም ለብሶ ነበር፣
በመዳፏ ጠረገችና
ሁለት ጣቷን ከፍ አደረገች።
ዞሬ አየሁ። ከጣቢያው አጥር ባሻገር
አንድ ኒም ብቻ ነበር።